የወፍጮው ብር ሲመለስ

ብኸይታ ወፍጮ የገዛችው እህል ለመፍጨት ብቻ አልነበረም፤ ልጇን ለማስቀረት ነበር። ይኼን ያላወቀ ሰው ስንት ነገር አወራ መሰላችሁ! «ባሏ ከሞተ ወዲህ ንግድ አማራት» ያለ አለ። «እሷም እንደ ከተማ ሰው ልትሆን ነው» ያለም አለ። አፍ ዳገት አይፈራም፣ ይለፍልፍ። እውነቱ ግን አንዲት ልጇ ነዕማ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ መነሣቷ ነበር።

ነዕማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቀረ። ያን ዓመት ለማን መጣለትና! ከዚያ ወዲህ ቤት ናት። አሶሳ ገብታ ሥራ ያልጠየቀችበት በር የለም፤ የሄደችበት ሁሉ «ልምድ አለሽ?» ይሏታል። ሥራ ሳይሰጧት ልምዱን ከየት ታምጣው? ክልሉም ቢሆን ምን ያድርግ። ከተቋቋመ ይኼን ሁሉ ዓመት አሳልፎ ዛሬም በየስብሰባው «አዲስ ክልል»፣ «ታዳጊ ክልል» እየተባለ ይጠራል። ልጆቹ አድገው ይሰደዳሉ፣ እሱ ገና በማደግ ላይ ነው።

ዐፊፋ የምትባል የአሶሳ ደላላ ይኼን ሰምታ መጣች። የሰው ቤት ችግር ከሩቅ የሚሸታት ሴት ናት። ለነዕማ ፓስፖርት አስወጣችላት፣ ፓስፖርቱም አዲስ አበባ ካለው አለቃዋ ዘንድ ተቀመጠ፣ የቀረው ለመንገዱ የሚከፈለው ብር ብቻ ሆነ። ብኸይታ ይኼን ስትሰማ የእህቷን ልጅ አሰበች። እሷም እንዲሁ ሄዳ ነበር። መጀመሪያ እየሣቀች ደወለች፣ ቀጥሎ እያለቀሰች ደወለች፣ በመጨረሻ መደወሉን ተወችው። ሞታ እንደሆነ አልተለቀሰላት፣ በሕይወት እንዳለች የሰማ የለ። እህቷ እስከ ዛሬ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች።

«እሺ፣ እዚህ ምን ላድርግ ዩማ?» ትላለች ነዕማ። እናቷን «ዩማ» ነው የምትላት። «የማንጎ ዛፍ ስጠብቅ ልሙት?»

«ቀን ያልፋል ልጄ።»

«ቀኑማ እያለፈ ነው፤ እኔ ነኝ የቀረሁት።»

ብኸይታ ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታ በመጨረሻ ወፍጮ አሰበች። መንደሩ ወፍጮ የለውም። ሴቱ ሁሉ ማሽላውን በዘንግ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ፣ ዘንጉን በትከሻው አድርጎ፣ የአሶሳን መንገድ ይያያዘዋል። መብራት ግን ገብቷል፤ ይመጣል ይሄዳል እንጂ ገብቷል። በቤት መብራት የሚሠራ ትንሽ ወፍጮ ቢኖር፣ ነዕማ ከቤቷ ሳትወጣ እያስፈጨች ብትኖር፣ ምን ይጎድልባታል? ልጅቷም ቀንና ሌሊት አሰበችበትና፣ «ወፍጮ ከመጣ እቀራለሁ» አለች። በቃ! ብኸይታ ሌላ ቃል አልጠበቀችም። የጆሮ ወርቋን ሸጠች። የጓሮዋን ማንጎም ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ፣ በዛፉ ላይ እንዳለ ለነጋዴ ሸጠችው።

ብሩ ግን ለአዲስ ወፍጮ አልበቃም። እዚህ ላይ ነው ወንድሟ ኦመር የገባው። ኦመር በአሶሳ ገበያ የስልክ ካርድና መሸፈኛ ይሸጣል። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። «እህቴ፣ በቴሌግራም ጨረታ አለ» አላት። ዕቃው በፎቶ ይለጠፋል፣ የፈለገ ሰው ከሥሩ ዋጋ እየጨመረ ይጽፋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ከሁሉ ከፍ ያለውን የጻፈ ይወስዳል። ብሩን የጨረታው ኃላፊ፣ አድሚን የሚሉት ሰው፣ ይዞ ይቆያል። ገዢው «ዕቃው ደርሶኛል» ብሎ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ሲያረጋግጥለት ለሻጩ ያስተላልፋል።

«ታዲያ ሌባ በየት በኩል ይገባል?» አለ ኦመር፣ እጁን እያራገፈ።

ወፍጮዋ ያለችው አዲስ አበባ ነበር። ፎቶዋ ያብረቀርቃል። ከሥሯ «ሲንግል ፌዝ፣ በቤት መብራት የምትሠራ፣ እንደ አዲስ» ተብሎ ተጽፏል። ኦመር ማስታወቂያውን እንዳለ ለነዕማ ስልክ ላከላት፣ «ይቺ ትሁን?» ብሎ። «ትሁን» አለችው። በጨረታው ቀን ብኸይታ ወንድሟ ሱቅ ገብታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አንድ የማታውቀው ሰው ዋጋ በጨመረ ቁጥር፣ «ኧረ ይኼ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው?» ትላለች። ኦመር ሲጨምር ደግሞ ዐይኗን ትጨፍናለች። በመጨረሻ ሰውዬው ዝም አለ። ወፍጮዋ የብኸይታ ሆነች፤ እሷም ሰው ይየኝ አይየኝ ሳትል በገበያው መሀል እልልታዋን አቀለጠችው። ከጎን ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች፣ «ምን አግኝታ ነው?» ተባባሉ። «ስልክ ውስጥ ወፍጮ ገዛች አሉ» አለች አንዷ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

ላሟ ግን ከሰማይ ወረደች። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ በአይሱዙ፣ ከሳሙናና ከዘይት ጋር ተጭና መጣች። መንደሩ ነቅሎ ወጣ።

በዚህ መንደር አንድ ደንብ አለ፤ ወደ ቤት የገባ አዲስ ዕቃ ሳይመረቅ ሥራ አይጀመርበትም። ብስክሌትም ይሁን ማረሻ፣ መጀመሪያ ከቁርኣን ፋቲሓ ይቀራበታል፣ ጎረቤቱ «መብሩክ!» ይላል፣ ባለቤቱም «አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሳይመርቁ የነካኩት ዕቃ በረከት የለውም። እስቲ በፊት ይሞከር የሚል ሰው ቢገኝ፣ የአላህን ስጦታ አገላብጦ የሚያይ ስግብግብ ነው ተብሎ ይታማል። ደግሞ ያን ቀን መብራቱም ጠፍቶ ነበር። በምን ይሞከራል?

የመስጊዱ ሽማግሌ ፈኪ ጁምዓ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓውን ቀሩ። ገንፎ ቀረበ፣ ተበላ። ብኸይታ አዲሱን ሻሿን አስራ ወፍጮዋን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ «አልሐምዱሊላህ! በጣም ጥሩ ነው! የላከልኝን ሰው አላህ ይስጠው!» አለች። እንግዳ የሚሰማት ይመስል ይኼን ያለችው በአማርኛ ነበር። ኦመር አንድም ሳያስቀር በቪዲዮ ቀረጸው። ደስታው አላስችል ብሎት እዚያው ቆሞ፣ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ለአድሚኑ ላከለት። አድሚኑም ጊዜ አላጠፋም፣ ብሩን ለሻጩ አሳለፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እነዚህ ሰዎች ግን የቸኮሉት ለማመስገን ነበር።

በማግሥቱ መብራት መጣ። ከባምባሲ ዋቅሹማ የሚባል መብራት ሠራተኛ ተጠራ። ወላጆቹ ከወለጋ የመጡ፣ አንደበቱ የታረመ ጨዋ ሰው ነው። የሞተሩን ሽፋን ፈታ፣ ወደ ውስጥ አየ፣ ሄዶ ቆጣሪውን አየ፣ ተመልሶ ሞተሩን እንደገና አየ። ብኸይታ ከአሁን አሁን አስነሣው ብላ የመጀመሪያዋን ቁና ማሽላ ታቅፋ ቆማለች።

«አዳዳ» አላት ዋቅሹማ፣ በአገሩ አክስቱን እንደሚጠራው። «ወፍጮዋ ጤነኛ ናት። ግን ሲንግል ፌዝ አይደለችም፣ ስሪ ፌዝ ናት። ሦስት መስመር ትፈልጋለች። እዚህ መንደር የገባው አንድ መስመር ነው።»

«ታዲያ ባንዱ ትብቃቃ! እኛስ ባንዱ አይደል የምንኖረው?»

«እንዲያ አይሆንም አዳዳ። በግድ ላዙርሽ ብላት ታጉረመርማለች እንጂ አትዞርም። ቆይታም ትቃጠላለች።»

«እሺ ሦስቱን ማስገባትስ?»

ዋቅሹማ ራሱን አከከ። «ትራንስፎርመር ይፈልጋል። እሱ ደግሞ ለአንድ ቤት ተብሎ አይመጣም። ለመንደሩ በሙሉ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

መቼ እንደሚመጣ አልጠየቀችውም፤ አገሯን ታውቃለች። ዋቅሹማ ሽፋኑን መልሶ ገጠመ። የድካሙን ብትሰጠው አልቀበልም አለ፣ ይኼም ይበልጥ አስፈራት።

ነዕማ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «እኔ ወፍጮ ከመጣ እቀራለሁ አልኩ እንጂ ብረት ከመጣ አልኩ?» አለች። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ እሷም ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ልቧ ተሰብሮ ነው። እናቷ ግን ቁናዋን እንደታቀፈች ቁጭ አለች።

ኦመር ለአድሚኑ ደወለ። አድሚኑ ማር ምላስ ያለው ሰው ነበር። ከተሳዳቢ ጋር መጣላት ይቀላል፣ ከእንዲህ ያለው ጋር ነው ጭንቁ። «ወንድሜ፣ ቪዲዮውን እኮ አይቼዋለሁ» አለው። «ሽማግሌው መርቀዋል፣ እናታችንም በጣም ጥሩ ነው ብለዋል። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ? ሻጩ ብሩን ወስዷል።»

«ሲንግል ፌዝ ብላችሁ ስሪ ፌዝ ላካችሁብን!»

«ሲንግል ፌዝ የት ተባለ? እስቲ ማስታወቂያውን ተመልከተው።»

ኦመር ተመለከተ። ጉድ በል! «ስሪ ፌዝ» ይላል። ከታች በደቃቃ ፊደል ኤዲት ተደርጓል የሚል ምልክት አለበት፤ ሻጩ ወፍጮዋን ከሸጠ በኋላ ነካክቶታል ማለት ነው። ምኑን እንደነካካው ግን አይናገርም። ኦመር እህቱን ቀና ብሎ ማየት አፈረ።

ብኸይታ ስልኩን ተቀበለችው። የአፍ መፍቻዋ በርትኛ ነው፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ማንጎ ለመሸጥና ጨው ለመግዛት የሚበቃ። «ወንድሜ፣ እኔ ብኸይታ ነው» አለችው። «ወፍጮ ጥሩ ነው ያልኩት ሳይሠራ ነው። እኛ አገር መጀመሪያ ይመርቃል፣ ኋላ ይሠራል። አሁን መብራት መጣ፣ ወፍጮ እንቢ አለ። አንተ ብር መልስ፣ እኔ ወፍጮ መልስ።»

«እናቴ፣ ሰው እንዴት ሳይሞክር ያመሰግናል?» አለ አድሚኑ፣ ሣቀም። ብኸይታ ሣቁን ሰማች። ደሟ ፈላ፣ ግን ልጇ አጠገቧ ነበረችና ንዴቷን ዋጠችው።

ከዚያ ያልሄደችበት የለም። አንድ ቢሮ ሄደች። የተቀበላት ሹም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወንበር ሰጥቶ አዳመጣት። «ሻጩ አዲስ አበባ፣ ጨረታው አየር ላይ፣ ዕቃው እርስዎ ቤት» አለ፣ እሱም ግራ ገብቶት። «እኔ ማንን የት ልያዝልዎ?» የከተማ ባለ ወፍጮዎች ዘንድ ሄደች፣ ይግዙኝ ብላ። «ለእኛ ትንሽ ናት» አሏት። አንዱ ብቻ ዋጋ ጠራ፣ እሱም የውራጅ ብረት ዋጋ። ፈኪ ጁምዓ ዘንድ ሄደች፣ እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ፋቲሓ የተቀራበትን ዕቃ ማማት ነውር ነው፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሏት።

«ሰብር ማሽላ አይፈጭም ፈኪ!» ብላ ወጣች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እስከ ቤቷ ድረስ «አስተግፊሩላህ» እያለች ሄደች።

ያን ሰሞን ዐፊፋ እንደገና መመላለስ ጀመረች። በሩ ላይ ቆማ «ሰላም ናችሁ?» ትላለች፣ ጥግ የቆመችውን ወፍጮ በዐይኗ ትገረምማለች፣ ሌላ ምንም አትልም። ነዕማም ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ መውጣት አበዛች። ብኸይታ ወጥታ ስታያት ወሬዋን ታቋርጣለች። እናትና ልጅ ባንድ ሰሃን እየበሉ መተያየት ተዉ።

አንድ ከሰዓት ነዕማ ከገበያ ስትመለስ እናቷን ወፍጮዋ ሥር ተቀምጣ አገኘቻት። ታለቅሳለች። ብኸይታ ባሏን ስትቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ሴት ናት። እንዲህ ድምፅ አውጥታ ስታለቅስ ልጇ አይታት አታውቅም።

«ዩማ፣ ተነሺ። በአላህ ተነሺ።»

«ወርቄን አታለሉኝ» አለች ብኸይታ። «ማንጎዬን አታለሉኝ። ይሁን። አንቺን ግን በምን ልያዝሽ? ንገሪኝ፣ በምን ልያዝሽ?»

ነዕማ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ አድሚኑን ልትሰድብ ነበር ሐሳቧ። የጨረታውን ነገር ስትፈልግ ግን አጎቷ ያን ጊዜ፣ «ይቺ ትሁን?» ብሎ የላከላትን አገኘች። ሻጩ የለወጠው የራሱን ማስታወቂያ ነው፤ ለእሷ ቀድሞ የተላከው እንዳለ ተቀምጧል። «ሲንግል ፌዝ፣ በቤት መብራት የምትሠራ።» ልጅቷ ዘልላ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን እናቷ ስትናገር አትጠግብም ነበር። ሁለቱን ማስታወቂያ ጎን ለጎን አድርጋ ሰው ሁሉ በሚያየው የጨረታው ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ከሥሩም፣ «እናቴ ያመሰገነችው ፈጣሪዋን ነው፣ ውሸታችሁን አይደለም» ብላ ጻፈች። አድሚኑ አጠፋው፣ እሷ መለሰችው። እንደገና አጠፋው፤ የክፍል ጓደኞቿን አስነሣች፣ ከአሶሳም ከግልገል በለስም ተነሥተው ለጠፉት። የማያውቋት ሰዎች ሳይቀሩ፣ «እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ይኼ ሲሆን ማር ምላሱ አድሚን ራሱ ደወለ።

ሻጩ ግማሹን ይመልሳል አለ። ሙሉውማ አይሞከርም፣ ዕቃው ተፈትቷል፣ መንገድ ሄዷል፣ ምናምን። ወፍጮዋን አንድ ሰው ይዟት አዲስ አበባ ይምጣ፣ አይተን እጅ በእጅ እንከፍላለን አለ። ኦመር ሊከራከር ነበር፣ ብኸይታ አፉን ያዘችው። ግማሽ! ምንም ካልነበረበት ግማሽ! በዚያ ላይ የሚመጣውን ዓመት ማንጎ ትጨምራለች፣ ያገለገለች ትንሽ ወፍጮ ትፈልጋለች፣ ያን ጊዜ ዋቅሹማ አይቶ ደህና ናት ሳይል አንዲት ሳንቲም አታወጣም። ልጇን አቅፋ ሳመቻት። «አንቺ እያለሽ ማን ይደፍረኛል!» አለቻት። ነዕማም ሣቀች። ስንት ጊዜዋ ነው ከሣቀች!

ማን ይውሰዳት የሚለው ቀረ። የኦመር ሚስት አራስ ናት፣ ጥሏት አይሄድም። ብኸይታ ከባምባሲ አልፋ አታውቅም፣ አዲስ አበባ ብትገባ እንኳን ወፍጮዋን ራሷንም ታጣለች።

«እኔ እወስዳታለሁ» አለች ነዕማ።

ፓስፖርቱ ያለው እዚያ ነው። የዐፊፋ አለቃም ያለው እዚያ ነው። ብኸይታ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች። በኋላ ግን ራሷን አጽናናች። ዐፊፋ የምትፈልገው ብር ነው፣ ልጄ ብር የላትም፣ ያለ ብር ማን ያሻግራታል አለች። ደግሞስ ያን ሁሉ ሰው ተሟግታ ያሸነፈችልኝ ልጅ አይደለችም? አላምንሽም ብላ ቤት ብታስቀምጣት ምን ትላታለች?

አራት ወንዶች ወፍጮዋን ተሸክመው አውቶቡሱ ጣራ ላይ ጫኗት። ብኸይታ ገመዱን ሁለት ጊዜ አስጠበቀች። ለልጇ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ቋጠረችላት።

«ትመለሻለሽ?» አለቻት።

«ኢንሻአላህ ዩማ።»

«ወላሂ በዪ» ልትላት ፈለገች። ልጅን እንደ ሌባ ማስማል መሰላትና ተወችው። አውቶቡሱ ሲነሣ ነዕማ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ብዙ አየቻት። ብኸይታም በደስታ እጇን አውለበለበች። ለወፍጮዋ ነበር የምትሰጋው፣ ከጣራ እንዳትወድቅባት።

ነዕማ በየደረሰችበት ደወለች። ነቀምት ገባን አለች፣ አዲስ አበባ ገባን አለች፣ ወፍጮዋን አየኋት ደህና ናት አለች። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አለች። ብኸይታ ስልኳን ከመቀነቷ ላይ አስራ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ጓሮ ቅጠል ስትጠርግ ጮኸላት።

«ዩማ፣ ሰጡኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብኸይታ መጥረጊያውን ጣለችው። «ቆጥረሽ ተቀበልሽ? በይ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ነዪ። ብሩን ከገላሽ አትለዪው፣ ባምባሲ ስትደርሺ ደውዪ፣ ኦመር ይቀበልሻል…»

«ዩማ፣ ስሚኝ።»

«…እኔም እመጣለሁ፣ ከእሱ ጋር…»

«ዩማ! በግማሽ ብር ወፍጮ አይገዛም። እዚህ ዞሬ ጠይቄያለሁ። ያገለገለው ራሱ ጨምሯል። ማንጎው እስኪደርስ ደግሞ ይጨምራል። አንደርስበትም ዩማ። በፍጹም አንደርስበትም።»

ብኸይታ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

«የዐፊፋ ሰዎች የሚጠይቁት ግን ይኼንኑ ያህል ነው» አለች ነዕማ። «ከፈልኩ። አሁን ከፍዬ ነው የወጣሁት። ሐሙስ እንበራለን። እዚያ ሠርቼ ወፍጮ እገዛልሻለሁ ዩማ፣ ትልቁን። ከነትራንስፎርመሩ።»

«መልሺው!» ብኸይታ ጮኸች፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማት። «ሂጂና ብሩን መልሺላቸው! ወፍጮዬን አምጪ! ወፍጮዬን ይዘሽ ነዪ!»

ከዚያ ወዲያ ለቅሶ እንጂ ቃል አልተሰማም፣ የየትኛዋ ለቅሶ እንደሆነም አይታወቅም። መልሳ ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሐሙስ ደግሞ ቅርብ ነው። ማን ላይ ትጩህ? ቢሮ ለቢሮ የለመነችው እሷ፣ ግማሽም ይበቃኛል ያለችው እሷ፣ ገመዱን አስጠብቃ አውቶቡሱ ላይ ያሳፈረቻት እሷ። ነጠላዋን እንኳ ሳታደርግ ወደ አሶሳ መንገድ ወጣች።

ኦመር ሱቅ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «ለዚያ ሰውዬ ደውልልኝ» አለችው። ምን ሆንሽ ቢላት አልመለሰችም። ደወለና ስልኩን ሰጣት።

«እናታችን!» አለ አድሚኑ ደስ ብሎት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ብሩ ደርሷል አይደል? ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ ቆጥራ ነው የተቀበለችኝ።»

«ብር ውሰድ» አለችው ብኸይታ። «ወፍጮ ስጠኝ። እኔ ወፍጮ ፈለገ።»

«እንዴ! አይሠራም ብለው አልነበር እንዴ?»

«ባይሠራ ይሁን። ብር ውሰድ፣ ወፍጮ መልስ።»

«ብሩ እኮ እርስዎ ጋ ነው ያለው እናቴ። ወፍጮዋም ዛሬ ለሌላ ሰው ወጣች። ገንዘብዎ ተመለሰልዎ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።»

«ልጅስ?»

«የምን ልጅ?» አለ አድሚኑ።

ብኸይታ ልታስረዳው አማርኛ ፈለገች፣ አጣች። በበርትኛ ነገረችው። እሱ «አልገባኝም እናቴ፣ አልገባኝም» ሲል ጥቂት ቆየና ስልኩን ዘጋው።